ሰሙ ሽያጭ፣ ወርቁ ግንባታ

ሁለት ስንኝ ቅኔ ለመፍታት ሌሊቱን ሲከራከር የሚያድር የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያስረክብበትን የቤት ውል የመጨረሻ ገጹን ብቻ ገልጦ ይፈርማል። ለምን ቢባል «እሱ የነጋዴና የጠበቃ ጽሑፍ ነው» ይላል። ይህ ንቀት ነው፤ ንቀቱም ዋጋ ያስከፍላል።

ውል ማለት ስምምነት ነው፤ የልቃቂት ጫፍም ውል ይባላል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት እየተወሳሰበ ይሄዳል እንጂ አይፈታም። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት በከንቱ አይመስለኝም።

እስቲ ቅኔ ዐዋቂው ይህን ይፍታ። መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ አፓርታማ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊት ወረቀት ይቀርባል። ራስጌው ላይ «የቤት ሽያጭ ውል» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። የሚሸጠው ቤት ወዴት አለ? የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገና ያልተሠራን ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ስምምነትን የሚመድበው ከግንባታ ሥራ ውል ነው። ሰሙ ሽያጭ፣ ወርቁ ግንባታ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የቆመ ቤት የሚገዛ ሰው የባለቤትነት ማረጋገጫውን፣ ዕዳና እገዳውን ይመረምራል፤ በአንቀጽ 1723 መሠረትም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረጉን ያረጋግጣል። ያልቆመ ቤት የሚዋዋል ሰው ጥያቄ ግን ከዚህ ይሰፋል። መቼ ያልቃል? በምን ዕቃ ይሠራል? ክፍያው ከሥራው እርምጃ ጋር ይሄዳል ወይስ ቀድሞት ይሮጣል? ቢዘገይ መቀጫው ስንት ነው? ራስጌውን ብቻ ያነበበ ሰው እነዚህን ሳይጠይቅ ይፈርማል።

በራሱ ቦታ ላይ የሚያሠራም አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ሲሚንቶና ብረት ቢወደድ ከማን ኪስ ይወጣል? በቁርጥ ዋጋ ውል ከተቋራጩ ኪስ ነው። ሥራው እየተለካ በነጠላ ዋጋ በሚከፈልበት ውል፣ ነጠላ ዋጋው ባይነካም ልኬቱ በጨመረ ቁጥር ባለቤቱ ይጨምራል። በእጅ ዋጋ ብቻ ሲሆን ዕቃ አቅራቢው ባለቤቱ ነውና የገበያው ሸክም የእሱ ነው። በወጪው ላይ የተቋራጩ ድርሻ በመቶኛ በሚታከልበት ውል ደግሞ ባለቤቱ በከፈለ ቁጥር ተቋራጩ ያተርፋል።

ከእነዚህ አንዱም በራሱ ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ በፊተኛው ገጽ ዋጋው አይለወጥም ብሎ በኋለኛው ገጽ እንደ ገበያው ይስተካከላል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ተዋዋዮቹ በግልጽ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ነው። ያቺ «በቀር» ናት አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የምትደበቀው።

«ብናነብስ ምን እናመጣለን? ውሉ ተዘጋጅቶ ይሰጠናል፤ ወይ ፈርም ወይ ሂድ ነው» የሚሉ አሉ። ጉልበቱ እኩል እንዳልሆነ አልክድም። ለዚህም በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል። ሆኖም አዋጅ ስለ አንባቢው ሆኖ አያነብም። «ወይ ሂድ» ከሚሉት ምርጫዎች አንዱ መሄድ ነው፤ አንብቦ የሄደ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ቋንቋው ነው። ግሱ አምስት መስመር ርቆ የሚገኝ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስም ሲጻፍ ዝም የምንል የአማርኛ ወዳጆች ምን ዓይነት ወዳጆች ነን? ቅኔ ወርቁን የሚሰውረው እንዲፈታ ነው። እንዲህ ያለው ውል የሚሰውረው እንዳይፈታ ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔ ክብር ነው፤ በቤት ውል ላይ ሲሆን ግን ማታለል ይባላል።

ቤት ሠራሁ ይላል ሰው ፊርማውን አስፍሮ፣
የውሉን ጫፍ ሳያይ ልቃቂቱን ቋጥሮ።