ገመዱን ማን ነቀለው?

የጆዲን ሥራ መጀመሪያ ስከፍት የተበላሸ ዌብሳይት መስሎኝ ነበር። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣ ሰረዝና ቁጥር ተዘባርቆ ፈሷል። ትርጉም የሚሰጥ አንድ ቃል የለም። እንጀራዬ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማስተካከል ስለሆነ እጄ ሳላዘው ሄዶ ሶርስ ኮዱን ከፈተው። እዚያ ውስጥ፣ በዚያው ነጥብና ሰረዝ የተሳለ የቦምብ ንድፍ ቁጭ ብሏል።

ዘዴው ቀላል ነው። ኤችቲኤምኤል ላይ አሥር ባዶ ቦታ ብትተዉ፣ አሥር ጊዜ መስመር ብትቀይሩ፣ ብራውዘሩ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ክፍተት ያደርገዋል። ቅርጹ እንዲጠበቅ «ፕሪ» የሚባለውን ታግ ማስገባት አለባችሁ። ጆዲ የሚባሉት ሁለቱ ሰዎች፣ ጆአን ሄምስከርክና ዲርክ ፔስማንስ፣ ታጉን ተዉት። ላይ ላዩን ፍርስራሽ ታያላችሁ፤ ከሥሩ ያፈረሰው ቦምብ አለ። ሥራው የ1995 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለቢሮ ጓደኛዬ ሊንኩን ብልክለት «ባግ እኮ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይስተካከላል። ሲስተካከል ግን ሥራው አለቀ።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ጋ ይጀምራል። ስለ ኢንተርኔት አርት የሚፈርዱ ሙዚየሞችና ሐያስያን ሥራውን የሚያዩት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው። ስክሪኑን ያያሉ፣ ይወዱታል ወይም አይወዱትም፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ሥራው ግን ስክሪኑ ብቻ አይደለም። ኮዱ፣ ሰርቨሩ፣ ሊንኩ፣ ኮኔክሽኑ፣ የሚጫንበት ፍጥነት ጭምር ነው። ይህን ያልቆጠረ ሒስ ግጥምን በወረቀቱ ጥራት እንደ መመዘን ነው።

ዶኩሜንታን እዩ። ጀርመን ካሰል ከተማ ውስጥ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄድ፣ የዘመኑ ጥበብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚነገርበት ግዙፍ ኤግዚቢሽን ነው። በ1997 አሥረኛው ሲዘጋጅ የኢንተርኔት ሥራዎች ተጋበዙ። ጥሩ። ታዲያ እንዴት አሳዩዋቸው? ቢሮ በሚመስል ክፍል ኮምፒውተር ደርድረው፣ ከኢንተርኔት ቆርጠው። የኢንተርኔት ጥበብ፣ ያለ ኢንተርኔት! ዓሣ ከውኃ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ «አዋዋኙን ተመልከቱ» ማለት ነው። ምክንያታቸው ጎብኚ ሌላ ገጽ እንዳይከፍት ይሁን ሌላ፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። ሊንክን የፈራ ሰው ይህን ጥበብ ባይጋብዘው ይሻል ነበር።

መቶው ቀን አልቆ የኤግዚቢሽኑ ዌብሳይት ከመስመር ሊወርድ ነው ሲባል፣ ስሎቬናዊው አርቲስት ቩክ ቾሲች ሙሉውን ገልብጦ በራሱ በኩል አስቀመጠው። ሌብነት ያሉት ነበሩ። እኔ ባክአፕ እለዋለሁ።

በዚያው ዓመት ሐምቡርግ ያለው ኩንስትሃለ ሙዚየም የኢንተርኔት አርት ውድድር አወጣ። ጀርመናዊቷ ኮርኔሊያ ሶልፍራንክ ከ200 በላይ የሌሉ ሴት አርቲስቶችን ፈጥራ፣ ስምና ኢሜይል ሰጥታ አስመዘገበቻቸው። ሥራቸውን የሠራላቸው ከየድረ ገጹ ፍርፋሪ እየለቀመ የሚቀላቅል ፕሮግራም ነው። ሙዚየሙ ከተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች መሆናቸውን አስታወቀ፤ ሦስቱም ሽልማቶች ግን ለወንዶች ሄዱ። ዳኞቹም ከፊታቸው የተከመረው የአንድ ሰው ስክሪፕት መሆኑን የሰሙት ራሷ ስትነግራቸው ነው። በዚያ ውድድር ከቀረቡት ሁሉ ይበልጥ ስለ ኢንተርኔት የተናገረው ሥራ ይኸው ነበር፤ ሽልማት ግን አላገኘም።

ይህ የዘጠናዎቹ ታሪክ ነው፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ 2012 እንምጣ። ክሌር ቢሾፕ፣ እውነቱን ለመናገር ሳነባት የምማርባት ሐያሲ፣ አርትፎረም መጽሔት ላይ የዘመኑ ጥበብ ዲጂታሉን ዓለም ለምን ፊት ለፊት አይጋፈጥም ብላ ጠየቀች። ሲጋፈጡት ለኖሩትስ? «የራሱ የተለየ መስክ ነው» በሚል ዓይነት ሐረግ በጥቂት መስመር አልፋቸዋለች። ማለትም በሩን ዘግተህ «ለምን ማንም አይገባም?» ብሎ መጠየቅ። ብዙዎች ተቆጥተው መልስ ጻፉላት። ደግ አደረጉ።

በ2021 ደግሞ ክሪስቲስ አጫራች ድርጅት የቢፕልን አንድ ፋይል ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ዲጂታል ጥበብ ያን ቀን የተወለደ ይመስል ጋዜጣው ሁሉ ጮኸ። ስለዚህ ብዙ ማለት አልፈልግም። ዋጋ ሒስ አይደለም።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥም ልክ አይሆንም። ኒው ዮርክ ያለው ዊትኒ ሙዚየም የዳግላስ ዴቪስን «የዓለም የመጀመሪያው የጋራ ዓረፍተ ነገር» ከ1995 ጀምሮ ይዟል። ማንም ሰው ገብቶ የሚቀጥልበት፣ ነጥብ የማይደረግበት የ1994 ሥራ ነው። ቴክኖሎጂው አርጅቶ መሥራት ሲያቆም ሙዚየሙ በ2013 ሁለት አድርጎ መለሰው፦ አንዱ የተሰበሩ ሊንኮቹን እንደያዘ፣ ሌላው ሰው እንደገና የሚጽፍበት። ለእኔ ይህ ውሳኔ ብዙ ገጽ ከሞላ የካታሎግ መግቢያ የበለጠ ሒስ ነው። ምክንያቱም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «የዚህ ሥራ ነፍስ የትኛው ነው? ጽሑፉ ወይስ መጻፉ?» ብሎ መወሰን ነበረበት። ጥገና ማለት ይኸው ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ አማርኛ፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈው፣ ፎንቱ ከሌለ ምን እንደሚመስል ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ዝብርቅርቅ፤ ልክ እንደ ጆዲ ገጽ። ፋይሉ አለ፣ አንድ ባይት አልጎደለም፣ ግን አይነበብም። ስለዚህ «ፋይሉን በሃርድ ዲስክ አስቀምጠናል» የሚለኝ ተቋም አያጽናናኝም። ማን ያነበዋል? በምን?

ፍላሽን አስታውሱ። አዶቢ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም ብዙ ጌም፣ አኒሜሽንና የጥበብ ሥራ በአንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆነ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን እንደገና ያስነሳው «ራፍል» የሚባል ኢሙሌተር ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ብዙ በጎ ፈቃደኛ አዋጥቶበታል። ማታ ከሥራ በኋላ የማያውቁትን ሰው አኒሜሽን ለማዳን ባግ የሚያድኑ ሰዎች ስም በየትኛው ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተጽፏል? የዘይት ቅብ ያደሰ ባለሙያ ይከበራል፣ ደመወዙም በበጀት ይያዛል። የኛ ቢጤው «አይቲ» ይባላል፤ የሚጠራውም ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል ነው።

ሰሞኑን የኦሊያ ሊያሊናን «ፍቅረኛዬ ከጦርነት ተመለሰ» የተባለ ሥራ በስልኬ ከፈትኩት። የ1996 ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ፊት ለፊት መተያየት ያቃታቸው ሁለት ሰዎች። በነካችሁት ቁጥር ስክሪኑ ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፣ ንግግራቸውም አብሮ ይቆራረጣል፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ጥቁር ሳጥኖች ይቀራሉ። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ስክሪኑን የሚከፋፍለው «ፍሬምሴት» የሚባል ታግ ነው። ኤችቲኤምኤል 5 ጊዜ ያለፈበት ብሎ ጥሎታል፤ ብራውዘሮች እስካሁን የሚያሳዩት የድሮ ገጾች እንዳይሰበሩ ብለው ነው። አንድ ቀን አንድ የብራውዘር ቡድን ኮድ ሲያጸዳ ያንን ድጋፍ ቢሰርዘው የሁለቱ ሰዎች ንግግር ይቆማል። ውሳኔው የሚነገረው በባግ መከታተያ ገጽ ላይ በአንድ አንቀጽ ይሆናል፤ ለተቃውሞም ቀን ይሰጥበታል። እኔ ያንን ገጽ እከታተላለሁ። ሐያስያኑም ይምጡ፣ አካውንት መክፈት በነጻ ነው።