የምላስ እብጠትና «ሌሎች» የተባለው መደብ

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የጉምሩክ ታሪፍን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። በትክክል የሚገልጸው ቁጥር ያለው ዕቃ «ሌሎች» ከተባለው መደብ የገባ እንደሆነ ገና ከመጋዘን ሳይወጣ ክርክር ይነሣል፤ የታሪፉ የአተረጓጐም ደንብም ዝርዝሩ ከጠቅላላው እንዲቀድም ያዝዛል። በሕመም መዝገብ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ሲዘነጋ ይታያል።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሐኪም ቤቶች ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሒሳብ ሲያቀርቡ ሕመሙን የሚገልጹት ከዓለም አቀፉ የበሽታዎች መደብ አሥረኛ እትም በተወሰዱ ቁጥሮች ነው። ምላሱ ያበጠ ሰው ሲቀርብ የመዝጋቢው እጅ በቀላሉ የሚያርፈው በኬ14.8 ላይ ነው፤ ትርጓሜውም «ሌሎች የምላስ በሽታዎች» ማለት ነው። ምክንያቱ ባልታወቀ ጊዜ ይህ አያስነቅፍም። ዳሩ ግን ምላሱ ከተቆጣ ኬ14.0፣ ሲወለድ ጀምሮ ከልክ ያለፈ ትልቅ ከሆነ ኪው38.2 ተመድቦለታል።

ነገሩ የሚከብደው እብጠቱ ከመድኃኒት የመጣ እንደሆነ ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዙት ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ፣ ለዓመታት ያለ ችግር ሲወስዷቸው ከቆዩ በኋላም ቢሆን፣ ምላስንና ከንፈርን በድንገት ያሳብጣሉ፤ እብጠቱ የአየር መተላለፊያውን ከዘጋ ሰውየው ሊሞት ይችላል። ሐኪሞች አንጂዮኤዴማ ይሉታል፤ ቁጥሩም ቲ78.3 ነው። (በዘር የሚወረሰው ዓይነት ለብቻው ዲ84.1 ይባላል።) ከዚያ ቀጥሎ የመድኃኒቱ ቁጥር፣ ቲ46.4፣ ይጻፋል። በዚህ ቁጥር ስድስተኛው ምልክት 5 ከሆነ በሽተኛው መድኃኒቱን እንደ ታዘዘለት ወስዶ ተጐዳ ማለት ሲሆን፣ 1 ከሆነ ግን በስሕተት ተመረዘ ማለት ነው። አንዲት አኃዝ ጥፋቱን ከመድኃኒቱ ላይ አንሥታ በሰው ላይ ትጥላለች!

በ«ሌሎች» የተመዘገበ እንደሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከነጭራሹ ከቁጥሮቹ ይጠፋል። አንጂዮኤዴማ ያመጣበት ሰው ያንኑ መድኃኒት ዳግመኛ መውሰድ የለበትም፤ ሆኖም መዝገቡን በኋላ የሚያየው ሌላ ሐኪም ከኬ14.8 ይህን ሊያነብ አይችልም። መድኃኒት አስመጪውና ባለመድኃኒት ቤቱም የሸጡት ነገር ያደረሰውን ጉዳት በዚህ መንገድ አያውቁትም።

መዝጋቢው ሐኪሙ ያልጻፈውን ምክንያት ከራሱ እንዲጨምር አይፈቀድለትም፤ ይህም ተገቢ ነው። ሐኪሙን መጠየቅ ግን ይችላል። «ከኤናላፕሪል የመጣ» የሚሉትን ቃላት ለመጻፍም ሐኪሙ፣ በድንገተኛ ክፍል ጥድፊያ ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።