በነጻ የሚሰጥ የክላውድ ትምህርትና የነጋዴው ሒሳብ

የአሜሪካው አማዞን ኩባንያ የኮምፒውተር ጉልበትንና የመዝገብ ማከማቻን በኢንተርኔት አማካይነት የማከራየት ንግዱን፣ ይኸውም ክላውድ ኮምፒውቲንግ የሚባለውን፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይህንኑ ሙያ የሚያስተምርበትን ኤ.ደብሊው.ኤስ. ኤጁኬት የተባለ መድረክ ደግሞ በ2015 ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድረኩ ለመምህራንና በትምህርት ቤት ለተመዘገቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነበር። በ2021 መጨረሻ ግን ደንቡ ተለውጦ፣ ዕድሜው 13 ዓመት የሞላ ማንኛውም ሰው የኢሜይል አድራሻውን ብቻ አስመዝግቦ እንዲማር ተፈቀደ፤ የትምህርት ቤት ማስረጃም ሆነ የክሬዲት ካርድ አይጠየቅም።

ይህ የሚመሰገን ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የካርድ ቁጥር መጠየቅ በር ከመዝጋት አይለይምና። ኤል.ሲ. ለማስከፈት ወረፋ የጠበቀ አስመጪ ለዚህ ሌላ ምስክር አያሻውም።

ይሁን እንጂ ከተጨመረው ጎን የተቀነሰም አለ። ቀድሞ ለተማሪው የተወሰነ ዶላር የተመዘገበለት የመለማመጃ ሒሳብ ይከፈትለት ነበር። በዚያ ገንዘብ የመሰለውን ይሠራል፤ የተከራየውን ማሽን ሳያጠፋ ካደረም ገንዘቡ ሲጎድል በዓይኑ ያያል። ይህ ሒሳብ ቀርቶ ተግባሩ አስቀድሞ የተቀመረ፣ ሰዓቱም የተለካ ልምምድ ተተካ። ሰፋ ያለው ልምምድ አካዳሚ በተባለው ክፍል ቢገኝም፣ ወደዚያ የሚገባው በአባል ትምህርት ቤት በኩል ብቻ ነው።

ጉዳቱም በዚህ ላይ ነው። የክላውድ ኪራይ እንደ መብራት ቆጣሪ በተጠቀሙበት ልክ ይታሰባል፤ ሱቁ ተዘግቶም ቢሆን ያልጠፋ ማሽን ሲቆጥር ያድራል፤ የሚቆጥረውም ዶላር ነው። የሽያጭ መዝገቡን ወይም የመጋዘን ቆጠራውን በዚህ መንገድ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ከሚቀጥረው ወጣት ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ወጪ መጠበቅን ነው። ከትምህርቱ የሳሳው ክፍል ይኸው ሆነ። ሻጭ ናሙና የሚያድለው ለጽድቅ አለመሆኑ ለነጋዴ አይነገርም፤ በአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ የሠለጠነ እጅ ነገ ማይክሮሶፍት ወይም ጉግል የተሻለ ዋጋ ቢያቀርብ ለመዛወር ይቸገራል።

ስለዚህ ቀጣሪዎች የምስክር ወረቀት አይተው ከመወሰናቸው በፊት፣ አመልካቹ የአንድ ሱቅ መዝገብ በክላውድ ቢቀመጥ በወር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ገምቶ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ የወጪ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚደረግም እንዲያሳይ ቢጠይቁ ይበጃል። ግምቱን በትክክል ላቀረበው ወጣት ንግድ ቤቱ የኩባንያውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ዋጋ፣ ማለትም 100 ዶላር፣ ቢሸፍንለት ወጪው ብዙ አይደለም።