በዘመቻ ሰሞን ብቻ የሚታመን መምህር

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን አስቀድሞ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ጭሱ ያነቃዋል ተብሎ ይታመናል፤ አያነቃውም። ለሃጩ ይጋባል ብሎ የሚሸሽ አለ፤ በሽታው አይጋባም። ጥርሱን በማንኪያ ለማላቀቅ የሚታገልም አይጠፋም፤ እሱ ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። መደረግ ያለበት ቀላል ነው። ወንበርና ዴስክ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈው ጤና ተቋም ማድረስ። ይህን ለመምህራን ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ያን ግማሽ ቀን የሰጣቸው ግን የለም።

መንግሥት መምህሩን በጤና ጉዳይ አያምነውም እንዳንል ደግሞ ያምነዋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው የሆድ ትላትልና የብልሃርዝያ ዘመቻ ተማሪዎችን አሰልፎ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል የሚያውጠው፣ የፕራዚኳንቴሉን ፍሬ ብዛት በቁመት መለኪያ ዘንግ የሚወስነው መምህሩ ነው። የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ክትባት ሲመጣም ልጃገረዶቹን መዝግቦ ወላጅ የሚያግባባው እሱ ነው። ዘመቻው ሲያልቅ ዘንጉ ይሰበሰባል፤ መምህሩም ነስር ያጋጠመውን ልጅ አንገቱን ወደ ኋላ አጋድሞ ውኃ ወደ ማፍሰሱ ይመለሳል። ጭንቅላትን ወደ ፊት አዘንብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አሥር ደቂቃ መያዝ እንደሚገባ የነገረው የለም።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ በተለይም ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ገጠር፣ ቢያንስ ሁለት መምህራን የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥኑ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ የወር አበባ ሕመም የያዛት ልጅ ለወንድ መምህር አትናገርም። ዓይን መፈተሽም ይጨመር። ሰሌዳው ሳይታያት «ሰነፍ» ተብላ የኋላ ወንበር ላይ የከረመች ተማሪ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የፊደል ሰንጠረዥ ልትለይ ትችላለች።

ወባ ላይ ግን ወሰን እናበጃለን። በጎርጎሮሳውያኑ 2024 ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡባት አገር ትኩሳት ያለበትን ልጅ ለይቶ ወደ ጤና ኬላ መላክ የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ማከሙ አይደለም። በማላዊ ዞምባ መምህራን በፈጣን መመርመሪያ ወባን ለይተው መድኃኒት እንዲሰጡ ሠልጥነው ነበር። በ58 ትምህርት ቤቶች በተካሄደው ጥናት የተማሪዎች መቅረት ግን ተስፋ እንደተደረገው አልቀነሰም። እኛም ሥልጠናው ቀሪ ተማሪን ይመልሳል ብለን ቃል አንገባም። የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ልጁ ሲታመም አጠገቡ ያለው አዋቂ በጉዳቱ ላይ ጉዳት እንዳይጨምርበት።

መምህራን ይህን ሲያነቡ የሚሉትን እናውቃለን፤ «ደግሞ ሌላ ሥራ!» እውነታቸውን ነው። መዋጮ ሰብሳቢም፣ ቆጣሪም፣ ቀስቃሽም የሚሆኑት እነሱ ናቸው፤ ደመወዙ ግን ያው ነው። ስለዚህ የሠለጠነው መምህር ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት ወይም አበል ይቆረጥለት። የሚሠራውና የማይሠራው በጽሑፍ ይስፈር፤ ልጁ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ወላጅም ፖሊስም እሱን ብቻ እንዳይዙት። የእርዳታ ሣጥኑስ? ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት፣ ውስጡ ጊዜው ያለፈበት አዮዲን ብቻ የቀረ ሣጥን ስንቱን ትምህርት ቤት ይወክላል! በየሩብ ዓመቱ የሚሞላው አካል ካልታወቀ ሥልጠናው ባይጀመር ይሻላል። ውኃ በሌለበት ግቢ ስለ እጅ መታጠብ ማስተማርም እንዲሁ ነው።

ለዚህ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለሠለጠኑት መምህራን የቅርብ ተጠሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስልክ ቁጥራቸው በርዕሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን በመምህራኑም እጅ ይኑር። የመምህራን ኮሌጆች የመጀመሪያ እርዳታን በተግባር የሚፈተን ኮርስ ያድርጉት፤ በሥራ ላይ ላሉት ደግሞ ክረምት አለ። የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች እስከ መስከረም መመለስ ያለባቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሣጥኑ ወጪ በማን በጀት ላይ ይያዛል?