ሉሉ ከማን እጅ መጣ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር ስትዳር አንገቷ ላይ ያደረገችው የሉል ሐብል የኔ ስጦታ ነበር። የገዛሁት ከአንድ የጌጣጌጥ መሸጫ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ የባሕር ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሰጠኝ፤ እኔም ዋጋው ከበድ ስላለ አመንኩት። ሠርጉ ደመቀ፣ ሙሽራዋ ስትጨፍር አመሸች፣ ላቡና ሽቶው ተቀላቀለ። በመልሱ ቀን ሐብሉን አውልቃ ስትሰጠኝ እንደተላጠ የጥፍር ቀለም ቅርፊቱ እየተነሳ፣ ከሥሩ ነጩ ፕላስቲክ አፍጥጦ ይታይ ነበር። ልጅቷ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ይበልጥ አሳፈረኝ።

አክስቴ አጠገቤ ነበረች። ማናማ ከተማ፣ ባሕሬን፣ አሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ሐብሉን ከእጄ ተቀብላ አንዱን ፍሬ በፊት ጥርሷ ጫፍ ቀስ ብላ አሸት አደረገችውና «ይሄማ ያንሸራትታል» አለች። ከዚያ ከራሷ አንገት ላይ፣ አገሯ ስትመለስ አሠሪዋ የሸለመቻትን ባለ አንድ ዙር ሐብል ፈታችና «እስቲ ይሄን ደግሞ ሞክሪው የኔ ልጅ» ብላ ዘረጋችልኝ። ሞከርኩት። ጥርሴ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር አለኝ።

ሻከር ማለቱ ምክንያት አለው። ሉል እንደ አልማዝ ወይም እንደ ኦፓል ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ አይደለም፤ ዛጎል ውስጥ የሚኖር ነፍስ ያለው ፍጥረት የሚሠራው ነው። ያ ፍጥረት ሥጋው ሲቆስል ወይም ጥገኛ ተባይ ሲገባበት፣ የዛጎሉን ውስጠኛ ግድግዳ የሚለብጥበትን የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ሰደፍ የምንለውን፣ በመጣበት እንግዳ ላይ በስሱ ይደራርብበታል። ንብብሩ በሺህ የሚቆጠር ነው። የፊቱን ሻካራነት የሚፈጥሩት የንብብሮቹ ጠርዞች ናቸው፤ ከውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ብርሃንም ከእነሱው ነው። ፕላስቲክ ወይም መስታወት ላይ የተቀባ ቀለም ይህ የለውም፤ ጥርስ ሲነካው ልሙጥ ነው።

ይሁን እንጂ የጥርሱ ዘዴ ሐሰተኛውን ከመለየት አያልፍም። በእርሻ የለማውን ሉል ከባሕር በአጋጣሚ ከተገኘው አይለይም፤ ሁለቱም እውነተኛ ሰደፍ ናቸውና። እሱን የሚለየው በላቦራቶሪ በኤክስሬይ ሲታይ ነው። ዛሬ ገበያው ላይ ያለው ሉል ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርሻ ነው፤ ይህ ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1893 ኮኪቺ ሚኪሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ዛጎሉን በጥንቃቄ ከፍቶ፣ እንግዳ ነገር በእጁ አስገብቶ፣ ወደ ባሕር መልሶ ግማሽ ክብ ሉል አወጣ። ሙሉ ክቡ እስኪሳካ ተጨማሪ ዓመታት ወሰደ፤ ሌሎች ጃፓናውያንም ደክመውበታል። ከዚያ በኋላ ግን የዓለም ገበያ ተገለባበጠ።

ምን ያህል እንደተገለባበጠ ለማየት አንድ ሐብል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1917 የጌጣጌጥ ቤቱ ካርቲየር ኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ዝነኛ ሕንፃውን የገዛው በ100 ዶላርና አንድ ሚሊዮን ዶላር በተገመተ ባለ ሁለት ዙር ሐብል ነው፤ 128 የባሕር ሉል። አርባ ዓመት ቆይቶ ያው ሐብል ለጨረታ ሲቀርብ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ሕንፃው ውስጥ ግን ካርቲየር እስከ ዛሬ ይሠራል።

ይህን ታሪክ የሚያወሩት ሰዎች እዚያ ላይ ያቆማሉ። እኔ ማቆም አልችልም፤ እነዚያን ፍሬዎች ከባሕር ሥር ያወጣው እጅ የማን ነበር? በዚያ ዘመን ለፓሪስና ለኒው ዮርክ ወርቅ ሠሪዎች ሉል በብዛት ይሄድ የነበረው ከአረብ ባሕረ ሰላጤ ነው። የመጥለቂያው ወቅት በሙቀቱ ወራት አራት ወር ገደማ ይቆያል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ ያስገባል፣ ቅርጫቱን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ይሰምጣል። አንድ ደቂቃ፣ ሲበዛ ደቂቃ ተኩል። ጀልባው ላይ ያለው ገመድ ሳቢ ጎተት ሲደረግ ያወጣዋል። በቀን ይህን በደርዘን ይደጋግመዋል፤ ጆሮው ይደማል፣ ዓይኑ ይበልዛል። ወቅቱ ሳይጀምር ለቤተሰቡ ቀለብ ከጀልባው አለቃ ገንዘብ ይበደራል፤ ያወጣው ሉል ዕዳውን ካልከፈለ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። አባት ሲሞት ዕዳው ለልጅ የሚወርድበት ዘመን ነበር።

ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ባሮች ነበሩ። ከምሥራቅ አፍሪካ የተጋዙ፤ ከእነሱም መካከል ከኛው አገር ተጠልፈው ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ይገኙበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንዳንዶቹ አምልጠው ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ወደ ነበሩ የእንግሊዝ ጽሕፈት ቤቶች ደርሰው የነፃነት ወረቀት ጠይቀዋል፤ የሰጡት ቃል ዛሬም በመዝገብ አለ። የት እንደተወለዱ፣ በስንት ዓመታቸው እንደተሰረቁ፣ ለማን እንደተሸጡ፣ በየዓመቱ እንዴት ወደ ባሕር እንደተላኩ ተናግረዋል። ድካማቸው ያፈራው ገንዘብ ግን ለጌታቸው ነበር።

አክስቴ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም። የአሠሪዋ አያት ጠላቂ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ሲወራ ትሰማ ነበር። አንድ ዓርብ ቤተሰቡ ሙሐረቅ ወደምትባል የባሕሬን ከተማ ይዟት ሄደ፤ የድሮዎቹ የሉል ነጋዴዎች ቤቶች ያሉበትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መንገድ እዚያ ነው። «ትልልቆቹ ቤቶች የነጋዴዎቹ ናቸው። የጠላቂው ቤት ግን አንድ ክፍል ናት» አለችኝ። ይህን ያየችው ማንም ሳያሳያት ነው።

የኛም ባሕር ሉል ነበረበት። የዳህላክ ደሴቶች ሰዎች ለዘመናት እየጠለቁ ዛጎል አውጥተዋል፣ ምፅዋ ላይ ተሽጧል። ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1911 ቡናና ቆዳ ሊነግድ ድሬዳዋ መጥቶ በኋላ በቀይ ባሕር ላይ ሉል ወደ መፈለግ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው የቀይ ባሕር መጽሐፉ ይህን ጽፎታል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግዕዙ ለሉል ስም ነበረው፦ ባሕርይ። ዛሬ ስለ ሰው ጠባይ ስንናገር «ባሕርይዋ መልካም ነው» የምንልበት ቃል ራሱ ነው። ክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ በትውልድ እየተላለፈ እስከ እመቤታችን ማርያም የደረሰውን ነገር የጠራው በዚህ ስም ነው፤ ባሕርይ፣ ሉል ብሎ። አያቶቻችን ለሚወዱት ልጅ ሉልሰገድ እያሉ ስም ያወጡት ዝም ብለው አልነበረም። ይህን ሁሉ እያወቅን አንገታችን ላይ የምናስረውን ሉል «ስንት ነው?» ብቻ ብለን መግዛታችን ይቆጨኛል።

የዛሬው ሉል አብዛኛው ከቻይና ሐይቆችና ኩሬዎች ነው፤ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ዡጂ ከተማ የንግዱ እምብርት ናት። የወንዝና የሐይቅ ዛጎል በአንድ ጊዜ በርካታ ደርዘን ሉል ሊያፈራ ስለሚችል ዋጋው ለኛም ኪስ ይቀርባል። የጃፓኑ አኮያ፣ የታሂቲው ጥቁር፣ የአውስትራሊያና የኢንዶኔዥያ ትልቁ ነጭ ግን ከአንድ ዛጎል በአንድ ጊዜ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ውድነቱም ከዚያ ይመጣል። ደግነቱ ዛጎሉ የቆሸሸ ውኃ አይስማማውም፤ ባሕሩን ያበላሸ ገበሬ ሉሉን ራሱ ያጣል። ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ውስጥ አሄ በምትባል ደሴት ላይ የዛጎሎቹን ቆሻሻ በመሣሪያ ከመፋቅ ይልቅ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ እያመጡ ዓሣዎች እንዲያጸዱላቸው የሚያደርጉ አርቢዎች አሉ። በሌላ በኩል የቻይና አንዳንድ ሐይቆች ዛጎሉን ለማወፈር በተጨመረባቸው ፍግና ማዳበሪያ ተበክለው መንግሥት እርሻውን የገደበባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ «የእርሻ ነው» መባሉ ብቻውን ልቤን አያሳርፈውም። የየት ውኃ ነው?

ለአልማዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መነሻውን የሚያጣራ፣ ኪምበርሌይ የሚባል የመንግሥታት ሥርዓት አለ፤ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አለ። ለሉል እንዲህ ያለ የመንግሥታት ስምምነት የለም። ያለው የንግዱ ማኅበራት የሚሰጡት ማረጋገጫና የሻጩ ቃል ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ አለበት፤ ከየት አገር፣ ከጨው ውኃ ወይስ ከወንዝ፣ ቀለሙ የራሱ ነው ወይስ የተነከረ? የሚያውቅ ሻጭ አይቆጣም። የቀዳዳውን አፍ በማጉያ መስታወት ሲያዩት ቀለሙ እዚያ ተጠራቅሞ ከታየ ተነክሯል ማለት ነው፤ መነከሩ ኃጢአት አይደለም፣ ሳይናገሩ በተፈጥሮ ቀለም ዋጋ መሸጡ ግን ማታለል ነው።

መቆለፊያው ላይ ያለው ወርቅስ? ብዙ ሰው ሉሉን ጠይቆ ወርቁን ይረሳዋል። የወርቅን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ2010 ዓ.ም. የጉጂ ሰዎች በለገደምቢ ወርቅ ማምረቻ አካባቢ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ስላዩት ጉዳት አደባባይ ወጥተው ጮኸው የማዕድን ፈቃዱ ታግዶ ነበር። ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ ኦፓል የሚቆፍሩት ወጣቶች ገደል ላይ በእጃቸው በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ እየዳሁ ይገባሉ፤ ዋሻው ተንዶ የቀሩም አሉ። ጌጥ የምንለው ነገር እናት ያላት ልጅ ገብቶ የሚያወጣው ነው። ይህን ስል ጌጥ አታድርጉ ማለቴ አይደለም፤ እኔ ጌጥ እወዳለሁ። የምወደውን ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ያመጣው ሰውም ድርሻውን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ።

ስለ አለባበሱ ደግሞ ሰው ብዙ ይጠይቀኛል። ሉል የትልልቅ ሴቶች፣ የባለሥልጣን ሚስቶች ጌጥ ነው የሚባለው አልፏል። ዛሬ ክብ ያልሆነው፣ ጎበጥ ያለው፣ ባሮክ የሚባለው ሉል ከክቡ እኩል ይፈለጋል፤ ለኔ እንዲያውም ይበልጥብኛል፣ ሁለት የሚመሳሰል የለምና። አንድ ፍሬ ብቻ በቀጭን ጥቁር የቆዳ ክር አንገት ላይ ሲውል ከጂንስ ሱሪና ከነጭ ሸሚዝ ጋር ያምራል። ወንዶችም እያደረጉት ነው፤ በሚኪሞቶ ስም የሚጠራው ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮም ደ ጋርሶን ከሚባለው የፋሽን ቤት ጋር ለወንድ የታሰበ ሐብል አወጣ።

ከሐበሻ ቀሚስ ጋር ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥበቡ አንገት ላይ ወፍሮ ከተጠለፈ ሐብሉ ከጥልፉ ጋር ይጣላል፤ ያኔ ጉትቻ ብቻ ይበቃል። ጥለቱ ቀጭን ሆኖ ደረቱ ሜዳ ከሆነ ግን አጭር ባለ አንድ ዙር ሉል ከፈትሉ ነጭ ጋር እንዲህ የሚስማማ ነገር አላየሁም፤ የሁለቱም ነጭ ሞቅ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ነጭ ነው። ወርቅ ድሪ ላይ ሉል መደረብ ግን አይሆንልኝም፤ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ቀድመው ይደረጉ፣ ሉሉ በመጨረሻ ይታሰር፣ ሲወለቅም ቀድሞ ይውለቅ። ለስላሳ ነገር ነውና ላቡን በጨርቅ ጠርጎ፣ ከሌላ ጌጥ ለይቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። በላስቲክ ታሽጎ ዓመት ከተቀመጠ ይደርቃል።

ከሠርጉ ሁለት ወር በኋላ ለልጅቷ ምትክ ልገዛ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ያገኘኋቸው አረጋዊ ስጠይቃቸው ማጉያውን አውጥተው ሰጡኝ። «ይሄ የቻይና ነው፣ የሐይቅ፣ ከዡጂ። ቀለሙ የራሱ ነው። ይሄኛው ሮዙ ተነክሯል፣ ቀዳዳውን እዪው። መቆለፊያው ብር ነው፣ ወርቅ ቅብ፤ ወርቅ ነው ብዬ አልሸጥልሽም።» ዋጋው ከዚያኛው ፕላስቲክ ግማሽ ነበር።

ክሩ ናይለን ስለነበር አክስቴ አልወደደችውም። ፍሬዎቹን ነጭ ፎጣ ላይ ዘርግፋ፣ በሐር ክር እንደ አዲስ ሰካቻቸው፤ በየአንዳንዱ ፍሬ መካከል ቋጠሮ እያደረገች። ክሩ ቢበጠስ አንዱ ብቻ እንዲወድቅ፣ ፍሬና ፍሬም ተፋጭተው እንዳይላጡ ነው። መርፌውን በጥርሷ ይዛ «ከየት ነው የመጣው?» አለችኝ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ቀጠለች። ማታ የእህቴ ልጅ ስትመጣ ሐብሉን ዘረጋንላት። አላሰረችውም መጀመሪያ፤ አንዱን ፍሬ ወደ ጥርሷ አስጠግታ ቀስ ብላ አሸችው፣ ሁለታችንንም እያየች።