የእናቴ ምጣድና የእኔ ሰርቨር

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ፍቅርና ስለ ጓደኝነት የሚጽፉ ብዙዎች እንደሚሆኑ ስለማውቅ፣ እኔ በበኩሌ አቧራ ስለ ለበሰ አንድ ኮምፒውተር ልጽፍ ወደድሁ። ነገሩ የቀለለ ቢመስልም እናቴንና እኔን ለሦስት ወር ያህል ያከራከረ ጉዳይ ነው፤ በመጨረሻም የተረታሁት እኔ ነኝ።

እንደሚታወሰው በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ተማሪ የሚያነብበት መንገድ ተዘጋበት። በዚያ ዘመን አጎቴ ከደሴ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው አመጡልኝ፤ ካዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችንም የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሰጠኝ። መጠኑ 100 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። እኔም ኮምፒውተሩን ሰርቨር አደረግሁት። ሰርቨር ማለት፣ ለማያውቁት ወላጆቻችን ለመግለጽ ያህል፣ ሌት ተቀን በርቶ ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚጠይቁትን ጽሑፍ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። የሰፈር ጓደኞቼ አጥራችን ሥር ተቀምጠው በስልካቸው ሲያነቡ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ቀላል አልነበረም።

ኩራቱ ግን የመብራት ካርድ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነበር። እናቴ «ይህ ሣጥንህ ከምጣዴ ይበልጥ መብራት ይበላል» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ሲስብ ሰርቨር የት ይደርሳል? የኔን እውነተኛነት ላሳያት ብዬ ካንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዋት መለኪያ ተዋስሁ። ሰርቨሩ አንድም ሰው ሳያነብበት፣ እንዲያው ዝም ብሎ በተቀመጠበት፣ 62 ዋት ይበላ ነበር። ይህ በ24 ሰዓትና በ30 ቀን ሲባዛ 44.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እናቴ በወር ስምንት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት ብትጋግር የምትፈጀው 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባገራችን የቤት መብራት ዋጋ በእርከን የሚጨምር፣ ዝቅተኛውም እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ የእኔ ሣጥን ያን እርከን ብቻውን ሊጨርሰው ጥቂት ነበር የቀረው። እናቴን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ገባሁ፤ የመጀመሪያው መድኃኒቴም የተሳሳተ ነበር። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ እንደሚያድግ በማንበቤ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ እዚያው አሰርሁት። መለኪያው የቀነሰው 2 ዋት ብቻ ሲሆን፣ አንባቢዎቼ ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት ያዛጉ ጀመር። ምክንያቱም ሥራ የሌለው ፕሮሰሰር ፍጥነቱን አስቀድሞ በራሱ ይቀንሳል። ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ሲተኛ ነው። ሲ ስቴት የሚባሉ የእንቅልፍ ደረጃዎች አሉ፤ በዜሮኛው ነቅቶ ይሠራል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እንቅልፉ እየጠለቀ ይሄዳል። በእኔ ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ እነዚህ ደረጃዎች ተዘግተው ነበር። ፍጥነቱን ፈትቼ ደረጃዎቹን ስከፍታቸው 62 የነበረው 51 ሆነ። ስክሪን ሳይኖር ያለ ሥራ የተሰካውን ግራፊክስ ካርድ ስነቅለው ደግሞ ወደ 33 ወረደ። ይህም በወር 23.8 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ከምጣዱ ያነሰ ነው። በዩፒኤሱ ባትሪም፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከቀድሞው እጥፍ ያህል ጊዜ ይቆይ ጀመር።

ሁለተኛው ጥፋቴ የሙቀት ነው። አምስት ሰው ባንድነት ሲያነብ ሰርቨሩ ይጎተት ስለ ነበር አጎቴን አዲስ እንዲገዙልኝ ለመለመን ተዘጋጅቼ ነበር። በሊኑክስ ላይ ሴንሰርስ የሚባለውን ትእዛዝ ስጽፍ ግን 96 ዲግሪ አነበብሁ። ብዙ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ የእኔውም እርጅና ሳይሆን ትኩሳት ነበረበት። ክዳኑን ብከፍት ማራገቢያው አቧራ ጠግቦ ጥጥ የተጎሰጎሰበት ትራስ መስሏል። ጠርጌ፣ ተርማል ፔስቱንም ለውጬ ባበራው 61 ሆነ። ደግሞም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ባንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። ሃርድ ዲስክ ስማርት በሚባል ሥርዓት የጤናውን ሁኔታ ራሱ ይመዘግባል፤ ከነዚህም አንዱ ተበላሽተው የተተኩ ክፍሎች ቁጥር ነው። የእኔው ቁጥር ለሳምንታት ሲጨምር ኖሯል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ዲስኩ በሞተ ዕለት ዊኪፒዲያው እንደገና ተገለበጠ። ሦስት ጓደኞቼ ዓመቱን ሙሉ የጻፉት የፊዚክስ ማስታወሻ ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ለሚያውቅ ተማሪ፣ የዓመት ማስታወሻ ማጣት ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልገኝም። አንደኛው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኑ አያየኝም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ትምህርት ቤታችን ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰርቨር ያድርግ፤ ተረኛ ተማሪዎችም ጧትና ማታ ሙቀቱን፣ ዋቱንና የዲስኩን ቁጥር በደብተር ይመዝግቡ። የሐይቅ ልጅ ነኝና፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መጻሕፍት ሲያሰባስቡ ዝርዝራቸው በወንጌሉ ላይ መጻፉን ሳላነሣ አላልፍም።

ካንዳንድ መምህራኖቼ ጋር ስወያይ፣ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እያለው ስለ 29 ዋት መጨነቅ ምንድር ነው ብለውኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የግድቡ ኃይል የእናቴን ካርድ አይሞላም፤ የተጎሰጎሰ ማራገቢያም አይጠርግም።

ደብተሩን በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ፤ የቤቴን ሰርቨር የሦስት ወር ቁጥርም ጽፌበታለሁ። ሊያየው የሚፈልግ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ያገኘኛል።