አስናቀን ታውቁታላችሁ፤ የጻፈውንስ?

ባለፈው ሳምንት ላንቻ፣ ከቤቴ በታች ካለችው ጀበና ቡና ተቀምጬ «ሰው ለሰው ላይ አስናቀን የተጫወተው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሳታስጨርሰኝ «አበበ ባልቻ ነዋ!» አለች። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ የአስናቀን ተንኮል አንድ በአንድ ተረኩልኝ። «እሺ፣ የጻፈውስ?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እሱማ ኢቲቪ ነዋ!» አሉ።

ሳቅን። ነገሩ ግን አያስቅም።

የ«ሰው ለሰው» ደራሲ መስፍን ጌታቸው ነው። «ዘመን» ላይም ብዕሩ አለበት። በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ስንቶቻችሁ ስሙን የሰማችሁት ያኔ ነው? እኔም ከተጠያቂነት አላመልጥም። ጋዜጠኛ ነኝ እያልኩ ተዋናዮቹን ለቃለ መጠይቅ ሳሳድድ ኖሬ ደራሲውን አንድ ቀን ፈልጌው አላውቅም። «ገመና»ን የጻፈችው አዳነች ወልደገብርኤል መሆኗንስ ስንቱ ያውቃል?

ተከታታይ ድራማ መጻፍ ልብ ወለድ እንደመጻፍ አይደለም። ልብ ወለድ ጸሐፊው ምዕራፍ ሦስት ካልጣመው ይቀደዋል። የድራማው ደራሲ ግን ክፍል ሦስት ተላልፎበታል፤ አገር አይቶታል። እኔም አንድ ሰሞን ለአንድ ድራማ ጽፌያለሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይደወላል፦ «ተዋናዩ ውጭ አገር ሊሄድ ነው፣ ለነገ ግደልልኝ።» ትገድለዋለህ። በሳምንቱ «ቪዛው ተከለከለ፣ አስነሣልኝ» ይሉሃል። ታስነሣዋለህ። ስሜ ከአራተኛው ክፍል በኋላ ጠፋ። ስጠይቅ «ረስተነው ነው» ተባልኩ። የስፖንሰሩን ስም ግን አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም።

የዚህ ሥራ ትልቋ ስም አሜሪካዊቷ ኢርና ፊሊፕስ ናት። በ1930 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ «ፔይንትድ ድሪምስ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ ጀመረች። በኋላ «ድራማው የኔ ነው» ስትል ጣቢያው «የለም፣ የኛ ነው» አላት። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ተረታች። ከዚያ ክርክር ግን ለቀጣይ ድራማዎቿ ባለቤትነቱን በእጇ ማስቀረት ተማረች። በ1937 የጀመረችው «ጋይዲንግ ላይት» ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ዘለቀ። እሷ ካረፈች ከ36 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

እኛ ያለነው ገና ኢርና በተረታችበት ቦታ ነው። የቅጂ መብት አዋጃችንን (ቁጥር 410/1996) አንብቡት። ሥራው በቅጥር ወይም በውል ታዞ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ ያዘዘው ሰው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። በሩ ያለው እዚያ ነው። እኛ ግን ውሉን ሳናነብ ፈርመን፣ ቅድመ ክፍያ ተቀብለን ምሳ እንጋበዛለን። ድራማው በድጋሚ ሲታይ፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ደራሲው እንደ ማንኛውም ሰው ዳታ ገዝቶ ያየዋል።

«ፕሮዲዩሰሩም እኮ ከስሮ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስፖንሰር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት አይቻለሁ። ግን እኔ ከኪሱ አውጣ አላልኩም። ከሰረ? አብረን እንክሰር። ሲያተርፍ ግን ከመቶ ጥቂቷን ያካፍል። ኪሳራውን ብቻ የምንካፈልበት ማኅበር የት አገር ነው ያለው?

በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲከፈት የጥበብ ሰዎቻችን ተሰብስበው «የቱርክ ድራማ ሊያጠፋን ነው» አሉ። ያን ቁጣ ግማሹን እንኳ በገዛ ውላችን ላይ ብናውለው ኖሮ! ደራሲ አንዱን ድራማ ጨርሶ ለሚቀጥለው እንደ ጀማሪ ደጅ የሚጠና ከሆነ፣ ጥሩው ጸሐፊ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል። የቀረውን ክፍተት ቱርክ ባይሞላው ኮሪያ ይሞላዋል።

የምለው ሦስት ነገር ነው። የደራሲው ስም ከድራማው መጀመሪያ፣ ከተዋናዮቹ ጋር እኩል ይጻፍ። የድጋሚ ስርጭትና የዩቲዩብ ድርሻ በውሉ ላይ በቁጥር ይቀመጥ። ደራሲዎችም የጋራ የውል ናሙና ይኑራቸው፤ ለየብቻ ሲፈርሙ ሁሉም ይረታሉና።

ተመልካቹም የቤት ሥራ አለው። ዛሬ ማታ ድራማው ሲያልቅ ሪሞቱን አታንሱ። ስሞቹ ይለፉ። «ደራሲ» የሚለውን አንብቡና ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እኔም ነገ ጀበና ቡናዋ ጋ ተመልሼ ለጋሼ የመስፍንን ስም እነግራቸዋለሁ።